የምንጩ ልቅሶ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወረታ ውስጥ ደረሰ ቤት የነበሩት ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ ባለቤቱ ደረሰ፣ ሚስቱ አገኘሁሽና ታላቅ እህቱ ይታይሽ። አራተኛዋ ጎረቤታቸው ሀሚዳ ነበረች፤ እሷ ግን ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች ቀረች እንጂ «ግቢ» ያላት ሰው አልነበረም። በእጇ ባዶ ጣሳ ይዛለች። የልጅ ልጇ ሌሊቱን በትኩሳት ስትቃጠል አድራ፣ ከንፈሯን የሚያርሱበት ጠብታ እንኳ ቤታቸው ጠፍቶ ነበር። «አንዲት ጣሳ ብቻ፣ አገኘሁሽዋ፤ ለሕፃኗ ነው» አለች። አገኘሁሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ወይኔ እቴ! እኛስ ቤት ከየት መጥቶ! ትናንት ማታ አንጠፍጥፈን ጠጣናት» ብላ መለሰች። ይህን ስትል እንስራው ከመደቡ ጀርባ፣ አሮጌ ጋቢ ተከናንቦ፣ አፉ ላይ ወንፊት ተደፍቶበት፣ እስከ አንገቱ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ደረሰ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ፤ ማሰሪያው ቀድሞውንም ታስሮ ነበር። ይታይሽ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጠች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ገና አሁን ጠጥታ ጣሳውን ማስቀመጧ ስለ ነበር ከንፈሯ አልደረቀም። የሀሚዳ ዓይን እዚያ ከንፈር ላይ አረፈ፤ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። «ይሁን፣ ጎረቤት፤ አላህ ይስጣችሁ» ብላ ሄደች። ኋላ አገኘሁሽ ለማንም ሳይሆን ለምሰሶው የምትናገር ይመስል፣ «ለእሷ ብሰጥ ነገ ለመንደሩ ሁሉ ልሰጥ ነው እንዴ?» አለች።

ከገበያው ቁልቁል፣ ከግራዝማች አያልነህ ግቢ ሥር የሚፈልቀው ውሃ የማን ነው ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ይቀዳዋል፤ ገበያተኛው ከብቱን ያጠጣበታል፤ መንገደኛው እግሩን ይለቃለቅበታል። ከመስከረም ወዲህ ግን ግራዝማች «ምንጩ ያለው በርስቴ ላይ ነው» ብለው ዙሪያውን በእሾህና በሽቦ አጠሩት፤ ሸንኮራና ሽንኩርት ተከሉበት፤ በር ሠርተው ቁልፍ አንጠለጠሉበት። ሽማግሌዎች ደጃቸው ድረስ ሄደው ለመኑ፤ ዳኛ ፊትም ቆሙ፤ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ እየወለደ ግንቦት ደረሰ። ሴቶቹ ከዚያ ወዲህ ሜዳውን አቋርጠው ወንዝ ይወርዳሉ። በግንቦት ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ማለዳ የወጣች ሴት የምትመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ጉልበት የሌላት ከባለ አህዮቹ አንዱን እንስራ በስሙኒ ትገዛለች፤ በስሙኒ ደግሞ የሳምንት ጨው ይገዛ ነበር። የምንጩ ዘበኛ ደረሰ ነው። ጠብመንጃውን የሰጡት ግራዝማች ናቸው፤ የሚኖርበት ቆርቆሮ ቤትም የእሳቸው ነው። ሲመሽ ሲመሽ አንድ እንስራ ሙሉ ውሃ እያመጣ ከመደቡ ጀርባ ያስቀምጣል። ግራዝማች ፈቅደውለት ይሁን ዓይናቸውን ጨፍነውለት፣ እቤቱ ውስጥ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። መጠየቅ ውሃውን መድፋት ይመስላቸው ነበር።

ይታይሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታድረው በዚያ ቤት ጓዳ፣ ከጎታውና ከተንጠለጠለው የሽንኩርት ጉንጉን መካከል ነው። ሥራዋ አልቃሽነት ነበር። ከዋንዛዬ እስከ አንበሳሜ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ይልኩባታል፤ እሷም የሟቹን የዘር ሐረግ ጠይቃ፣ መንገድ ለመንገድ ግጥሙን ስትገጥም ትሄዳለች። ሙሾዋን ስታወርድ ሟቹን የማያውቅ እንኳ ያለቅሳል፤ ሰው በልቅሶ ላይ የሚያለቅሰው ለራሱ ሙት መሆኑን ታውቃለች። ስትመለስ ቁና ጤፍ፣ አንዳንዴም ሙክት ይሰጧታል። አሁን ግን ጉልበቷን ይይዛታል፤ ጉሮሮዋም እንደ ድሮው አይታዘዝላትም። ከልቅሶ በተመለሰች ቁጥር፣ ሌላው ሰው አልቅሶ ሲቀለው እሷን የሌላው ሰው ኀዘን ሁሉ እጥፍ ሆኖ የሚከብዳት ይመስላታል።

ሐሙስ ዕለት በሀሚዳ ጓሮ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ግራዝማች ደጅ ሄደን እንጩህ አለች፤ ሌላዋ «አድማ ነው ብለው ያሳስሩናል» አለቻት። ሀሚዳ ብዙ ካዳመጠች በኋላ፣ «ለልቅሶ የተሰበሰበን ሰው በትኖ የሚያውቅ ገዥ አለ?» ብላ ጠየቀች። አልነበረም። እንግዲያው ለምንጩ ይለቀስለት ተባለ፤ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ በአጥሩ ሥር። ያኔ ሁሉም ወደ ይታይሽ ዞሩ። አልቃሽ የሌለው ልቅሶ ጩኸት ብቻ ነው። ይታይሽ እሺም እንቢም አላለች፤ «እስኪ» ብላ ተነሣች። ወሬው ደግሞ ሳትደርስ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ ከሐሙስ ወዲህ አገኘሁሽ ወጥ ስታቀርብላት ዓይኗን አታነሣም።

ደረሰ ጠብመንጃውን አንግቦ ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆመ። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ «እታለም፣ ዛሬ ፀሐዩ ይከፋል። ገበያ ባትወርጂስ?» አለ።

«ጨው የለንም» አለች ይታይሽ።

«ጨውስ አገኘሁሽ ትገዛለች።»

ሲሄድ አገኘሁሽ መጥረጊያዋን ጥላ እፊቷ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ እኔ ክፉ አይደለሁም» አለች። «እርስዎ አለቀሱ ማለት ግን እሱ ጠብመንጃውን አስረከበ ማለት ነው። ከዚህ ቤት ወጣን ማለት ነው። ሆዴን እያዩት ነው፤ ክረምት ሊገባ ነው። የት ልወልድ ነው?» የሰው ሁሉ ሙሾ አፏ ላይ የሚመጣላት ሴት፣ ለወንድሟ ሚስት የምትሰጣት አንዲት ቃል አጣች። አገኘሁሽ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እንጨት ልታመጣ ወጣች። ይታይሽ ብቻዋን ስትቀር ጋቢውን ገለጠች፤ አንዲት ቅል ሙሉ ቀዳች፤ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ሀሚዳ ቤት ተሻገረች።

የሀሚዳ ቤት ጨውና ላምባ ይሸታል፤ ባሏ ሳልህ ነጋዴ ነው። ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ በአፏ ትተነፍሳለች። ሀሚዳ ቅሏን ተቀብላ የነጠላዋን ጫፍ እየነከረች የልጅቱን ከንፈር አራሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ከንፈርሽን አይቼው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አልተቀየምኩሽም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እጠጣ ነበር። ጠጥቼ ግን ከንፈሬን እጠርግ ነበር!» አለችና ሳቀች፤ ይታይሽም ሳትወድ ሳቀች። «ትመጫለሽ?» አለቻት ሀሚዳ።

«ደረሰ እኮ ነው በሩ ላይ የሚቆመው።»

«አዎ፤ ደረሰ ነው» አለች ሀሚዳ።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ይታይሽ ጨው ገዝቼ እመለሳለሁ እያለች ራሷን እያታለለች በበርበሬ ሻጮቹ መካከል አለፈች። የኑግ ዋጋ ወርዷል ይላሉ፤ የቅቤ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል ይላሉ። ባሕር ዳር የሚወርድ ካሚዮን መንገዱ ዳር ቆሞ ረዳቱ ለሞተሩ ውሃ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። አንድ ዓይነ ስውር የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ አንዲት ሴት «እንጀራ አለ፣ ልጄ፤ ውሃ ብቻ አትለምነኝ» አለችው። ሳልህ ደጅ ስትደርስ ሱቁ ሊዘጋ ነው። በገበያ ቀን፣ ያውም በረፋዱ፣ ሳልህ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እየገጠመ ነበር። ይታይሽን ሲያያት አፍሮ ፈገግ አለ። «እኔ ማልቀስ አላውቅም፣ እመቤት» አላት። «ሱቅ መዝጋት ግን አያቅተኝም። ለነጋዴ እሱም ልቅሶ ነው።» ሴቶቹ በየጥጉ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ባዶ እንስራቸውን አፉን ቁልቁል ደፍተው አዝለዋል። አንዲቱ አራስ ልጅዋን ታቅፋለች። የሀሚዳ ምራት ዘሊካ መሄድ ያቃታቸውን እናቷን ክንድ ይዛ ታዘግማለች። ሀሚዳ ቀረብ ብላ፣ «እኛ ዘንድ ሙሾ ማውረድ አይወደድም። እኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ዝም ብሎ የቆመም ይቆጠራል» አለቻት። ይታይሽ ጨውን ረሳችው።

ደረሰ በአጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ ከማተቡ ጋር ታስሮ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእሱ በስተጀርባ ሸንኮራው ለምልሞ ይወዛወዛል፤ ውሃው ሲንዶቀዶቅ ይሰማል። ከበላዩ የግራዝማች ግቢ ሰፊ በር ይታያል። እህቱ ከሴቶቹ መካከል ስትወጣ ባያት ጊዜ ደነገጠ፤ ጠብመንጃውን ከትከሻው ወደ እጁ ሊያወርድ ቃጣና መልሶ ተወው። «ተይ፣ እታለም» አለ በዝቅታ። ይታይሽ አላየችውም፤ ካየችው ድምፅዋ እንደማይወጣ ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧ ላይ አሠረች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ በሚያንቋርር ጉሮሮ ጀመረች፦

«ልጆችህ ተጠምተው ምን ብለው ያልቅሱህ፣
በቁምህ ገንዘውህ እሾህ አለበሱህ።»

ሴቶቹ «ወዮ! ወዮ!» ብለው ተቀበሏት። መጀመሪያ ላይ እፍረት ነበረበት፤ አንዲቱ እንዲያውም ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። ሁለተኛውን ስትደግም ግን አራሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ አሮጊቷ። ሀሚዳ እንዳለችው ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ሐሙስ ዕለት ጓሮ ውስጥ ያሰበው ሰው አልነበረም። የፎገራ ሜዳ ገበሬ አህያውን እየነዳ ከላይ በመንገዱ ሲመጣ፣ የሚያየው የግራዝማችን ደጅና የሚያለቅስ ሰው ነው፤ የሚሰማው ደግሞ የይታይሽን ድምፅ ነው። ይታይሽ ለትልቅ ሰው ካልሆነ አታለቅስም። እንግዲያው ግራዝማች ሞተዋል! አያ ማረው የሚባሉ ሽማግሌ ጢሰኛቸው የመጀመሪያው ነበሩ፤ የኑጉን ስልቻ ከአህያው ላይ ወርውረው ጋቢያቸውን አገለደሙና፣ «ጌታዬ! ጌታዬ! ሳልሰናበትዎ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ቁልቁል ሮጡ። እሳቸውን ያየ ሌላው ተከተለ። የግራዝማች እናት የሞቱ ጊዜ ከልቅሶው የቀረ ጢሰኛ መሬቱን መነጠቁን ሁሉም ያስታውሳል፤ ስለዚህ የሚሮጠው በኀዘንም በፍርሃትም ነበር። ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጡ። አንዱ እንደ ወጉ ጠብመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ገበያው በሙሉ ከቦታው ተነሥቶ እዚያ ተዳፋት ላይ ፈሰሰ ማለት ይቻላል።

ይታይሽ ገባት። «ኧረ ሰዎች፣ እሳቸው በሕይወት አሉ» ብትል ሰዉ ስቆ ወደ ገበያው ይመለሳል፤ እሷና ጥቂት ሴቶች ከነባዶ እንስራቸው ይቀራሉ። አላለችም። ውሸትም አልተናገረችም፤ የግራዝማችን ስም አንዴም ሳትጠራ ለምንጩ ብቻ አለቀሰች። ሰዉ ግን ለእሳቸው ነው ብሎ ይሰማታል፤ ደግሞ ብዙው ለራሱ ሙት ነው። እሷም መካከል ላይ ለባሏ እያለቀሰች መሆኗን አወቀችው። ላቧ በፊቷ አቧራ ላይ ይወርዳል፤ ጉሮሮዋ እሳት ሆኗል። ልትዝለፈለፍ ስትል ዘሊካ ከኋላዋ ደገፈቻት።

የግቢው በር ተከፈተና ግራዝማች አያልነህ ራሳቸው ወጡ። እጀ ጠባብ ብቻ ለብሰዋል፤ ጫማ አላደረጉም፤ ግማሽ ጉርሻ ጉንጫቸው ውስጥ አለ። ልቅሶው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እንደ ተቆረጠ ገመድ ጸጥ አለ። ከኋላ ያለው ስላላየ ማልቀሱን ቀጠለ። አያ ማረው እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

«ጌታዬ… ቆመዋል እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን ሆኜ እተኛለሁ?» አሉ ግራዝማች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ከኋላቸው ብቅ ብለው ሕዝቡን ሲያዩ ጮኹ። «በቁሙ! በቁሙ ተለቀሰበት! ይሄ ሁሉ እንባ ደጃችን ላይ!»

«እንኳን አልሞቱ፣ ጌታዬ፤ እንኳን» አሉ አያ ማረው። ከዚያ ዞረው ይታይሽን አዩአት። «ታዲያ የማን ልቅሶ ነው፣ ልጄ?»

«የምንጩ ነው፣ አባቴ» አለች ይታይሽ። ከዚያ በላይ ድምፅ አልቀራትም። ጣቷን ብቻ ወደ አጥሩ ቀሰረች።

ሽማግሌው አጥሩን አዩ፤ የተደፉትን እንስራዎች አዩ፤ ትንሽ አሰቡ። ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ ብሎ የጠበቀ ነበር። እሳቸው ግን፣ «የውሃም ይሁን የሰው፣ ልቅሶ ልቅሶ ነው» አሉ። «ፊቴን ሳልታጠብ ገበያ አልገባም፤ ቤቴም አልገባም። አስታጥቡኝ።» ይህ የታወቀ ነገር ነበር። ያለቀሰ ሰው እጁንና ፊቱን ሳይታጠብ ከሰው አይቀላቀልም፤ የሚያስታጥበውም የተለቀሰበት ቤት ነው። በሕያው ሰው ላይ የፈሰሰ እንባማ ካልታጠበ በዚያው ሰው ላይ ይቀራል ይባላል። ከወዲያ አንዱ «አስታጥቡን!» አለ፤ ከወዲህ ሌላው ደገመው። ተንኮል አስቦ የጮኸ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ከልቡ ነበር፤ ፊቱ ላይ እንባና አቧራ ደርቆበት የኑጉ ነገር እያሳሰበው መታጠቡን ብቻ ይፈልጋል። ወይዘሮ ወለተ ሐና የባላቸውን እጅጌ ይዘው፣ «ሰዎቹ ይታጠቡ፣ አያልነህ! እንባውን እላይህ ላይ ጥለውት እንዳይሄዱ!» ይላሉ። ግራዝማች ሕዝቡን አዩ፤ ምንጩን አዩ፤ ዘበኛቸውን አዩ። ክፈትም አላሉ፤ ዝጋም አላሉ። ጉርሻቸውን በጭንቅ ውጠው ወደ ግቢያቸው ተመለሱ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያየው ደረሰን ነው። ደረሰ ደግሞ የሚያየው እህቱን ነበር። በዘሊካ ክንድ ተደግፋ፣ አፏ ከፈት ብሎ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማተቡን ከአንገቱ አውጥቶ ቁልፉን ፈታ። ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ አዞረው። በሩ ተከፈተ። ደረሰ ጠብመንጃውን ሸንኮራው ላይ አስደግፎ ቅል አነሣ፤ እንደ ታናሽ ወግ ጎንበስ ብሎ በመጀመሪያ ለአያ ማረው እጅ አፈሰሰ፤ ቀጥሎ ለሚቀጥለው፤ ደግሞ ለሚቀጥለው። ወገቡ እስኪቆረጥ አስታጠበ። ሴቶቹ በጎን እያለፉ እንስራቸውን ሞሉ። ገበሬዎቹ ታጥበው ሲወጡ መተላለፊያው ስለ ጠበባቸው አጥሩን በትከሻቸው እየገፉ አሰፉት፤ ኋላ ከአጥሩ ግማሹ መሬት ላይ ተኝቶ ታየ፤ ማን እንደ ጣለው ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ይታይሽ የመጨረሻዋ ነበረች። እጇን ዘረጋች፤ ደረሰ ፊቷን ሳያይ አፈሰሰላት። «ጉሮሮሽ ደረቀ፤ ጠጭ» አለ። ጠጣች። እቤት ከምትጠጣው ውሃ አልተለየባትም።

ማታ ሦስቱም እራት በሉ። ከመደቡ ጀርባ ያለው እንስራ ጋቢው ተገፎለት ነበር፤ ማን እንደ ገፈፈው ይታይሽ አልጠየቀችም።

ሰኞ ግራዝማች ደረሰን አስጠሩትና «ክፈት ያልኩህ እኔ ነኝ?» አሉት። አይደሉም አለ። ጠብመንጃውን ተቀበሉት፤ ቤቱንም ልቀቅ አሉት። አጥሩን ግን ወይዘሮ ወለተ ሐና እንባውን ፈርተው ስላልፈቀዱ መልሰው አላጠሩትም። ሳልህ ከጓሮው ያለውን የጨው መጋዘን ግማሹን ባዶ አድርጎ ለእነ ደረሰ ማደሪያ ሰጣቸው። በማግሥቱ አገኘሁሽ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወረደች፤ ተራዋ ከሀሚዳ ቀጥሎ ነበር።